የጣራ ላይ አማና

ካምሲን የሚባለው የጅቡቲ ትኩስ ነፋስ አሸዋ ይዞ በሚነሣበት በሐምሌ ወር፣ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የተላከልኝን የመጻሕፍት ካርቶን ለመቀበል ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የጭነት መኪኖች ማቆሚያ፣ ፔካ 12፣ ሄጄ ነበር። ስመለስ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት አንድ ትልቅ እስር ድርቆሽ ታቅፋለች። ድርቆሹ የእኔን ጉንጭ ይወጋል፤ ከፊት የተቀመጠውንም ሰው ማጅራት ይወጋል። ረዳቱ በሶማሊኛ ይቆጣታል፤ እሷም በሶማሊኛ ትመልስለታለች፤ ተሳፋሪው ይስቃል።

በካርቶኔ ላይ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ አየችና «ይቅርታ፣ ወጋሁዎት መሰለኝ» አለችኝ።

«ግድ የለም። ፍየል ታረቢያለሽ?»

«የጅቡቲ ፍየልማ ካርቶን በልታ ታድራለች፤ ድርቆሽ ምን ያደርግላታል! ይሄ ለእንግዶች ነው።»

«ሳር የሚበሉ እንግዶች?»

«አዎ፤ ሁለት ናቸው። ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር፣ ሐጂ ጀላሉዲን ከሚባለው አያቴ ቤት ጣራ ላይ ይገኛሉ። እንደ አያቴ አባባል አሳማዎች ናቸው።»

በድንጋጤ ካርቶኑ ከጭኔ ሊወድቅ ነበር። ሐጂ ጀላሉዲንን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ከሐረር የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የደንብ ልብሱን ጨርቅ የሚገዛው ከእሳቸው ነው። አዛን ሲሰሙ ሜትሩን ጠረጴዛ ላይ ጥለው የሚነሡ ሰው ናቸው። በእሳቸው ጣራ ላይ አሳማ!

ልጅቷ መደንገጤን አይታ ሳቀችና ነገሩን ከሥሩ አጫወተችኝ። ስሟ ሳብሪን ነው። ሐረማያ የእንስሳት ሕክምና ተምራ ጨርሳ፣ አያቷን ልትጠይቅ በዚያው ሳምንት በባቡር መምጣቷ ነው። ማዳም ሶላንዥ የሚባሉ ጡረተኛ ፈረንሳዊት የሐጂ የረጅም ዘመን ደንበኛ ነበሩ። ለቀዶ ሕክምና ወደ አገራቸው ሲሄዱ ሁለት ትንንሽ እንስሶች በቅርጫት ይዘው መጡና «እስክመለስ በአማና ያዝልኝ» አሏቸው። ሐጂ አማና ሲባል እምቢ ማለት አይሆንላቸውም፤ ጥንቸል መስለዋቸው ተቀበሉ። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ሙሰዲቅ የተባለ ጎረቤታቸው አየና «ሐጂ፣ ይሄ እኮ ኮሾን ዳንድ ነው» አላቸው። ኮሾን በፈረንሳይኛ አሳማ ነው፤ ኮሾን ዳንድ ደግሞ ቃል በቃል የህንድ አሳማ ማለት ነው።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ቤቱ ተተረማመሰ። ምንጣፉ ሁሉ ወጥቶ ታጠበ። እንዳይጥላቸው አማና ነው፤ እንዳያስጠጋቸው አሳማ ነው። ሁለት የወፍ ሽቦ ቤት ገዝቶ ለየብቻ ከተታቸውና ጣራ ላይ አስወጣቸው።»

«ለየብቻ ለምን?»

«‹በቤቴ አሳማ አይዋለድም› ብሎ ነዋ! ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ ማን ይስማኝ? መምህር ከሆኑ እባክዎ አብረውኝ ይምጡ። የኔን ቃል የልጅ ወሬ ነው ይለዋል፤ የመምህር ቃል ግን ያዳምጣል።»

እኔም አልፌ መሄድ አልቻልኩም።

ሐጂ ጀላሉዲን ከመኖሪያ ቤታቸው ሥር ባለው ሱቃቸው፣ ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ ጢማቸውን በሂና አቅልመው ተቀምጠው አገኘናቸው። ቤቱ ከባሕር ድንጋይ የተሠራ የድሮ ግንብ ነው፤ ውስጡ ሲገባ ከውጪው ይልቅ ቀዝቀዝ ይላል።

«መምህር ዮሳዲቅ! እንኳን ደህና መጡ። ይቺ ልጅ መንገድ ላይ ያዘችዎት? ሱብሃነላህ! ያስተማርኳት ድርቆሽ ተሸክማ ካርቲየ 2ን እንድታቋርጥ ነው?»

«ሐጂ፣ ስሙ ነው ያሳሳተዎት» አልኳቸው ከተቀመጥኩ በኋላ። «እንስሳው አሳማም አይደለም፤ ከህንድም አልመጣም። ጊኒ ፒግ የሚሉትም ሰዎች አሉ፤ እሱም ቢሆን ያው አሳማ ብሎ መጥራት ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ ተራራማ ቦታ ነው። እንጉዳዩን እኛ የጅብ ጥላ እንለው የለም? ጅብ ጥላ ይዞ ሲሄድ ግን ያየ የለም።»

ሐጂ ፈገግ አሉ። «መልካም፤ ታዲያ የምን ወገን ነው?»

ሳብሪን ፈጠን ብላ «የአይጥና የጃርት ወገን ነው አባባ» አለች።

«አስተግፊሩላህ! ከአሳማ አወጣሽኝ ብዬ ሳልጨርስ አይጥ ውስጥ ከተትሽኝ!»

«ወገኑን ተወው አባባ። ሳርና ቅጠል የሚበላ ፍጥረት ነው። ጥያቄው የት ይኑር ነው።» ሳብሪን የድሬ ልጅ ስለሆነች አያቷን አንተ ነው የምትላቸው፤ እሳቸውም ይህን ይወዱታል። «ሙቀት አይችሉም። ሰው ሲሞቀው ያልበዋል፤ እነሱ አያልባቸውም። ለእኛ ሞቅ ያለ የሚመስለን ለእነሱ ሞት ነው።»

«ጣራ ላይ ነፋስ አለ። እኛ ልጆች ሳለን በበጋ ሁላችንም ጣራ ላይ ነበር የምንተኛው። ሽማግሌውም ሕፃኑም። ማን ሞተ?»

«እናንተ ፀሐይ ስትገባ ወጥታችሁ ስትወጣ ትወርዱ ነበር። እነዚህ ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። የሽቦ ወለል ደግሞ እግራቸውን ያቆስላል። የወፍ ቤት ቁመት አለው እንጂ ስፋት የለውም፤ እነሱ አይበሩም፣ ይሮጣሉ። ሁለት እህትማማቾችን ለያይተህ ማሰርህም አንድ በደል ነው፤ ብቻውን የተቀመጠ ጊኒ ፒግ መብላት ይተዋል።»

«ልጄ፣ ቤት ለሰው ነው! መብራዜ ውስጥ ከእንግዶቼ ጋር ላስቀምጣቸው ወይ? ሙሰዲቅ ቢያይ ወሬውን ድሬዳዋ ያደርስብኛል።»

መብራዝ በጅቡቲ ወንዶች ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው የሚቀመጡበት ክፍል ነው። በየቤቱ ጥሩው ምንጣፍና ጥሩው ማቀዝቀዣ ያለው እዚያ ነው። ሐጂ የሚፈሩት የእንስሶቹን ሽታ ብቻ አልነበረም፤ የሰውን አፍም ይፈሩ ነበር። ብዙ ጊዜ ልማድ ከሚጠበቅባቸው አጥሮች ዋናው ይህ የጎረቤት ሳቅ ይመስለኛል።

«እሺ» አለች ሳብሪን ድርቆሹን እያነሣች፤ «መምህር በዓይናቸው አይተው ይፍረዱን።»

«ውጡ፤ እኔ ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ጣራውን አላየሁትም» አሉ ሐጂ።

ደረጃውን ጨርሰን ጣራው ላይ ስንደርስ ፀሐዩ ዓይናችንን መታው። ሳብሪን ወደ አንድ ሸራ ሥር ሮጠችና ቆመች። የሽቦ ቤቶቹ የሉም።

«ትናንት እዚህ ነበሩ! ወላሂ እዚህ ነበሩ!» አለች ዙሪያውን እያየች። «ማን ወሰዳቸው?»

በጣራው ጥግ ላይ ዙሪያውን በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል አለች። በሯ ገርበብ ብሏል። የዕቃ ማስቀመጫ መስላኝ ነበር። ሳብሪን በሩን ገፋ ስታደርገው ከውስጥ የወጣው ወላፈን ወደ ኋላ መለሰን፤ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ አፍ ነበር። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መሬት ላይ የተንበረከከች ሴት አየሁ። ሁለቱን የሽቦ ቤቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ እርጥብ ሻሿን አልብሳቸው፣ በካርቶን ቁራጭ ታራግብላቸዋለች። ፀጉሯ በላብ ተጣብቋል። የቤቱ ሠራተኛ ቡርቱካን ነበረች።

«ሳብሪን፣ እንኳን መጣሽ!» አለች። «ውጪው ነፋስ ጠበሳቸው፤ እኔ ጋ አስገባኋቸው። ይቺኛዋ ግን ከቅድም ጀምሮ አልነሣ አለች።»

ሳብሪን ሻሹን ገለጠች። ቡኒዋ ጥግ ላይ ተለጥፋ በአፏ ትተነፍሳለች። ነጯ በጎኗ ተጋድማለች፤ እግሮቿ ተዘርግተው ሆዷ ብቻ ይርገበገባል። ሳብሪን በጥንቃቄ ወደ እቅፏ አስገባቻት። ከዚያ ቀና ስትል ዓይኗ ክፍሉን ዞረ፤ የእኔም ዓይን ተከተለው። ግድግዳው ሥር ስስ ፍራሽ ተዘርግቷል። ምስማር ላይ ቀሚስ ተሰቅሏል። ፍራሹ ራስጌ ማበጠሪያ፣ የቅባት ጠርሙስ፣ የስልክ ቻርጀር አለ።

«እኔ ጋ ማለት?» አለች ሳብሪን ቀስ ብላ። «ቡርቱካን፣ የምትተኚው እዚህ ነው?»

«ታዲያ የት ልተኛ?»

«በዚህ ሙቀት?»

«ወለሉ ላይ ውሃ አርከፈክፋለሁ። ነጠላዬን ነክሬ እለብሳለሁ። ሲደርቅ እንደገና እነክራለሁ።» ይህን ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነበር። «እኔስ መናገር እችላለሁ፤ እነሱ ምን ብለው ይናገሩ ብዬ ነው ያዘንኩላቸው።»

«ተናግረሽ ታውቂያለሽ?»

ቡርቱካን ወደ ቡኒዋ ዞራ ማራገቧን ቀጠለች።

ሁለቱንም ይዘን ወረድን። ሳሎኑ ውስጥ በሰሜኑ ግንብ ሥር ባለው ቀዝቃዛ ሸክላ ላይ አስተኛናቸው። ሳብሪን የነጯን ጆሮና እግር ለብ ባለ ውሃ ቀስ እያለች አራሰች፤ በረዶ ላምጣ ስላት ድንገተኛው ቅዝቃዜ እንደሚጎዳት ነገረችኝ። ሐጂ ከሱቅ እያነከሱ እየተቻኮሉ መጡ።

«ሞተች? አማናዬ! ለማዳም ምን እላታለሁ?»

«አልሞተችም። ትንሽ ብንዘገይ ግን ትሞት ነበር» አለች ሳብሪን ቀና ሳትል።

ጥቂት ቆይቶ ነጯ አንገቷን አነሣች። ተገላብጣ በእግሯ ቆመችና ወደ እህቷ ተጠጋች። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ላባቸውን ጠረጉ። ነገሩ በዚህ የሚያበቃ መስሏቸው ነበር።

«አባባ» አለች ሳብሪን፤ «አሁን ስለ እንስሶቹ አይደለም የምጠይቅህ። ቡርቱካን የት እንደምትተኛ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ እንጂ! ራሴ ያሠራሁላት ክፍል ነው። በር አለው፤ ቁልፍ አለው። ስንቱ ሠራተኛውን ወጥ ቤት ወለል ላይ ያስተኛል! በዚህ ሰፈር የቤት ሠራተኛ ሁሉ ጣራ ላይ ነው የምታድረው፤ እኔ የጀመርኩት አይደለም።»

«ክፍሉ ከተሠራ ወዲህ ገብተህበታል?»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«እንግዲያው ውጣና ተቀመጥበት።»

በዚያ ቤት ሐጂን እንዲህ ብሎ የተናገራቸው ሰው እንዳልነበረ ከቡርቱካን ፊት ተረዳሁ፤ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። እኔም ነገሩ ወደ ቁጣ እንዳይሄድ ፈርቼ «ሐጂ፣ ልጅ ናት...» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አንሥተው አቋረጡኝ።

«መምህር፣ ይደግፉኝ» አሉ።

በየደረጃው እያረፍን ወጣን። ሐጂ ከቆርቆሮው ክፍል ገቡ፤ ጫማቸውን አውልቀው በፍራሹ ላይ ተቀመጡ። «በሩን ዝጊው» አሏት ሳብሪንን።

«አባባ፣ ዝግ ሲሆን...»

«እሷ ስትተኛ ከፍታ ነው የምትተኛው? ዝጊው!»

በሩ ተዘጋ። እኛ ሦስታችን ውጪ በቀረች አንዲት ጥላ ቆምን። ከውስጥ መጀመሪያ የጉሮሮ ማጥራት ተሰማ፤ ከዚያ ምንም። ቡርቱካን አላስቻላትም። «የልብ በሽታ እንዳለባቸው አታውቂም?» ብላ ሳብሪንን ገፍታ በሩን ከፈተችው።

ሐጂ በተቀመጡበት ነበሩ። ሸሚዛቸው ከገላቸው ጋር ተጣብቋል፤ የጢማቸው ሂና በላብ ርሶ አንገታቸውን አቅልሞታል። አፋቸውን ከፍተው አየር ይፈልጋሉ። ልክ እንደ ነጯ እንስሳ። ቡርቱካን እጇን ዘርግታ አስነሣቻቸው፤ እሳቸውም እጇን ሳይለቁ በር ላይ ቆሙ።

«ያ ረቢ!» አሉ። ደጋግመው «ያ ረቢ!» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ባለፈው ሳምንት ሰሃኖቹን ይዘሽ ደረጃው ላይ የወደቅሽው...»

«ራሴን አዞረኝ ሐጂ።»

«እኔ ግን እግርሽን አይተሽ አትሄጂም ወይ ብዬ ሰደብኩሽ።»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ቡርቱካን መሬት መሬት እያየች መለሰች። «እርስዎ ደግ ሰው ነዎት። ደግ ሰው ችግሩን ካላየ፣ ችግሩ የለም ማለት ነው ብዬ... አፈርኩ። ደግሞ የወረኢሉ ብርድ ነው ያሳደገኝ፤ ሙቀት የማልችለው ደገኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ሌላው ሰው ችሎት ይሆናል አልኩ።»

የሐጂ ፊት ተለዋወጠ። ሳብሪን ልትናገር ስትል እጇን ያዝኩት፤ ከእንግዲህ የእሷ ክርክር አያስፈልግም ነበር። ሽማግሌው ከራሳቸው ጋር ይከራከሩ ነበር።

«አባትሽ» አሉ በመጨረሻ፤ «የመጣሽ ሰሞን በስልክ ያናገረኝ ጊዜ ምን አለኝ?»

«‹ሐጂ፣ ልጄን አደራ› አለዎት።»

«አደራ አለኝ። አደራና አማና አንድ አይደለም? የፈረንሳዊቷን አማና አየር እንዲያገኝ ጣራ ላይ ሳስወጣ፣ የወሎውን ሰው አደራ ቆርቆሮ ውስጥ እየጠበስኩ ኖሬያለሁ። ይሄ ወንጀል ነው መምህር! አላህ በምን ይጠይቀኛል? አሳማ ቤቴ ገባ ብዬ ምንጣፍ ሳሳጥብ...» አልጨረሱትም።

ወረድን። ሐጂ ውሃ ጠጥተው ልብሳቸውን ከለወጡ በኋላ ሳብሪንን ከፊታቸው አስቀመጧት።

«በይ፣ የተማርሽውን ንገሪኝ። ሰውም እንስሳም የት ነው የሚኖረው? ከሰው ጀምሪ።»

«የጨርቅ ማስቀመጫው ክፍል ግንቡ ወፍራም ነው፤ መስኮት አለው፤ ፀሐይ አያገኘውም። ጨርቁ እዚያ ተቀምጦ ቡርቱካን ጣራ ላይ...»

«ገባኝ፤ አታብራሪው። ዛሬውኑ ጨርቁ ወደ ሱቅ ይወርዳል፤ አልጋና ቬንቲላተር ይገባል። በሩም ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። እሺ፣ እነዚህኞቹስ? ወጥ ቤት?»

«ወጥ ቤት ምድጃ አለ፤ ይሞቃል። ጭሱም ሳንባቸውን ይጎዳል።»

«መብራዝስ? እንግዲህ ሙሰዲቅ የፈለገውን ያውራ።»

ሳብሪን ሳቀች። «መብራዝህ ውስጥ ሲጋራ ይጨሳል፤ የማቀዝቀዣው ነፋስም በቀጥታ ይመታቸዋል። ጫጫታው ደግሞ ያስበረግጋቸዋል። ሳሎኑ ይሻላል፤ ይሄ የሰሜኑ ግንብ ሥር። መብራት ቢጠፋ እንኳ ድንጋዩ ቶሎ አይሞቅም።»

«መስተዋት ሳጥን አሠራላቸዋለሁ፤ እንግዳ ሲያይ ያምራል።»

«መስተዋት አየር ያፍናል አባባ። የሚያስፈልገው ወለሉ ሰፊ፣ ላዩ ክፍት፣ አጥሩ እስከ ጉልበት የሆነ ነገር ነው። ርዝመቱ አንተ ተጋድመህ የምትተኛበትን ያህል፣ ወርዱ የዚያ ግማሽ ይሁን። ወለሉ ሽቦ አይሁን፤ ላስቲክ ተነጥፎ በላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ ይደረግ። መደበቂያቸው ሁለት ይሁን፤ አንድ ከሆነ ይጣሉበታል። ሁለት ሁለት በር ይኑረው፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ የምትወጣበት።»

«ሽታውስ?»

«የሚሸተው ጠባብ ቤት ነው። ስፋት ካለው፣ እርጥቡ በየቀኑ ከተነሣና ድርቆሹ ከተቀየረ አይሸትም። ይህን ደግሞ የማደርገው እኔ ነኝ፤ ስሄድ አንተ። የቡርቱካን ሥራ አይደለም።»

ሐጂ ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። «እኔ» አሉ፤ «እሺ፣ እኔ።»

በማግሥቱ ከወደብ አካባቢ በተገኘ የዕቃ መጫኛ ጣውላ አናጢ አጥሩን ሠራው። የወፍ ቤቶቹ ተጣሉ። ሁለቱ እህትማማቾች በሰፊው ወለል ላይ አብረው ሲለቀቁ ነጯ እየዘለለች በአየር ላይ ተጣመመች፤ ሐጂ በድንጋጤ «ምን ነካት?» ሲሉ ሳብሪን «ደስታ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም አላመኑም፤ ወንበር አስመጥተው እስከ አሱር ሶላት ሲያዩ ቆዩ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እንደገና ጎበኘኋቸው። እንስሶቹ ወፍረዋል፤ ሐጂ የፍሪጁን በር ሲከፍቱ እነሱ ጎመን ፈልገው ያፏጫሉ። ማዳም ሶላንዥ በስልክ ምስል አይተዋቸው አልቅሰዋል። ቡርቱካን በክፍሏ መስኮት ላይ መጋረጃ ሰቅላለች። ራሷን ማዞሩ እንደተዋት ጠየቅኋት፤ «እንቅልፍ የሚባል ነገር ኖሮ ለካ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለሐጂ ያሰበችውን መናገር ጀምራለች፤ ወጡ ጨው በዝቶበታል ሲሏት «አልበዛም» ትላቸዋለች። ሐጂ ራሳቸው በየማለዳው እርጥቡን ድርቆሽ ሲያነሡ ጎንበስ ቀና ማለቱ ጉልበታቸውን እንዳፍታታላቸው ነገሩኝ።

በዚያ ቀን መብራዝ ውስጥ ሙሰዲቅ የተባለው ጎረቤት ነበር። ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው።

«መምህር፣ ሰሙ ወይ?» አለ ጫቱን እየቀነጠበ። «ሐጂ አሳማ ሳሎን አስገቡ፤ ሠራተኛዋን የጨርቅ መጋዘን አወረሷት። ነገ ደግሞ እኛን ጣራ ላይ ያወጡናል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሐጂ አብረው ሳቁ፤ ከዚያ ጋብ ሲል እንዲህ አሉት።

«ሙሰዲቅ፣ የቤትህ ሠራተኛ የት ነው የምታድረው?»

«ያው እንደ ሰው ሁሉ፣ ጣራ ላይ ነዋ። ቆርቆሮ ሠርቼላታለሁ።»

«እኔም ሠርቼ ነበር። ቤት መሥራት ማሰቃያ መሥራት እንዳይሆን ለካ ሠሪው መጀመሪያ ገብቶ መቀመጥ አለበት። ለእንስሳ ቤት ስመርጥ ስለ ጥላው፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ስፋቱ ተጠየቅኩ። ስለ ሰው ግን እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ራሴም አልጠየቅኩም። የደከመ ሰው አርፎ ቢነሣ ጤናው ለእሱ ነው፤ ሰላሙ ለቤቱ ሁሉ ነው። አሁን ሙቀቱ ነው፤ ቤትህ እዚሁ ጎን ነው። ጫትህን አስቀምጥና ውጣ። በሩን ዘግተህ ትንሽ ተቀመጥ። ከዚያ ተመልሰህ ሳቅብኝ።»

ሙሰዲቅ ዙሪያውን አየ። የሚስቅ ሰው አልነበረም። ነገሩን ለቀልድ አድርጎ «እሺ፣ ልውጣላችሁ!» ብሎ እየሳቀ ተነሣ።

ጨዋታው ቀዘቀዘ። አንዱ ሬዲዮ ከፈተ፤ ሌላው ዘጋው። ሙሰዲቅ ሲመለስ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር። አልተቀመጠም፤ ጫቱንም አላነሣም። በሩን ተደግፎ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየና ሐጂን ሳይሆን እኔን አየ።

«መምህር» አለኝ፤ «የልጅቷን ፍራሽ ከጣራ የሚያወርድልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ይከተሉኛል?»